የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለሚያሳዩት ድራማ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፡- የድራማ ክበቡ ስላዘጋጀው ትርኢት ማብራሪያ ስለመስጠት

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ሰሞኑን ቢሮዬ ድረስ የመጣችሁትም በስልክ የጠየቃችሁኝም ወላጆች ጥያቄያችሁ ተመሳሳይ ስለሆነ ለሁላችሁም በአንድ ደብዳቤ መመለስን መርጫለሁ። ጥያቄው ሲጠቃለል «ልጃችን እራት ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ በገዛ ዓይነ ምድሩ በረዶ ፈልፍሎ ስለወጣ ሰውዬ አወራን፤ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ይህንን ነው ወይ?» የሚል ነው። አዎ፣ ይህንንም እናስተምራለን። በእርግጥ ለእራት ሰዓት የሚሆን ወሬ እንዳልሆነ ለልጆቹ ነግረናቸዋል። ነገር ግን የሰውዬው ሕይወት በዚያች ታሪክ ብቻ የሚታለፍ ስላልሆነ፣ ድራማውን ለምን እንደፈቀድሁ ከነምክንያቱ ላስረዳችሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ ናቸው ካላልኋቸው በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው ፒተር ፍሮይከን ይባላል፤ በ1886 የተወለደ ዴንማርካዊ ነው። ኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ማጥናት ጀመረና ተወው። (ልጆቻችሁ ይህቺን ነገር ለሂሳብ የቤት ሥራ ማምለጫ ሊያደርጓት እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ቀድማችሁ ተዘጋጁ።) ትምህርቱን ትቶ የሄደው ወደ ግሪንላንድ ነበር። ከ1906 እስከ 1908 በቆየውና ሉድቪግ ሚሊየስ-ኤሪክሰን በመራው የዴንማርክ አሳሾች ጉዞ ተቀጠረ።

በዚያ ጉዞ ላይ አልፍሬድ ቬገነር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ የአየር ሁኔታ ተመራማሪም ነበር። አህጉራት በአንድ ወቅት አንድ ላይ ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ተለያዩ የሚለውን ሐሳብ በ1912 ይፋ ያደረገው ይኸው ሰው ነው። ልጆቻችን ስለ ስምጥ ሸለቆና ስለ አፋር ሲማሩ የሐሳቡ ጫፍ የሚመዘዘው ከእሱ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን ድራማውን በሙሉ ልባቸው የደገፉትም በዚህ ምክንያት ነው፤ በልጆቹ ዘንድ ስም ብቻ የነበረው ቬገነር በትርኢቱ ላይ ፊኛ የሚለቅቅና ቴርሞሜትር የሚያነብ ሰው ሆኖ ይመጣል። ቬገነር በ1930 እዚያው ግሪንላንድ የበረዶ ምድር ላይ ሕይወቱ አልፏል።

ፍሮይከን የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለ፣ ፐስተርቪግ በተባለ ቦታ በተሠራች ትንሽ የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጎጆ ውስጥ የአገሩን የብርድና የጨለማ ወራት አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን እንዲያሳልፍ ተደረገ። እኛ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል ለሆነልን ሰዎች ነገሩን መገመት ያስቸግራል፤ በዚያ ኬክሮስ ፀሐይ አንዴ ከጠለቀች ከሦስት ወር በላይ አትወጣም። ጎጆዋ ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ እሱ ራሱ ተርኮታል። ሲተነፍስ የሚወጣው እንፋሎት ግድግዳው ላይ ይረጋል፣ ይጠነክራል፣ በላዩ ላይ ሌላ ይጨመራል። የበረዶው ግድግዳ በየሳምንቱ ወደ ውስጥ እየወፈረ ጎጆዋ በገዛ ትንፋሹ እየጠበበችው ሄደች። ውጭ ተኩላዎች ውሾቹን ጨረሱበት።

ልጆቹ ይህንን ትዕይንት እንዴት እንደሠሩት ብታዩ ደስ ይላችኋል። ግድግዳዎቹን ከቴሌቪዥንና ከማቀዝቀዣ ማሸጊያ ካርቶን ሠርተው ነጭ ቀለም ቀብተዋቸዋል። ከየካርቶኑ ጀርባ አንዳንድ ተማሪ ይቆምና ተራኪዋ የወሩን ስም በጠራች ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገፋል። በመጨረሻ ፍሮይከንን የሚሠራው ልጅ ክንዱን መዘርጋት ያቅተዋል። አንድም ቃል አይነገርም። ማንም መምህር አላሳያቸውም፤ ሐሳቡ የራሳቸው ነው።

የጉዞው መሪ ሚሊየስ-ኤሪክሰንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1907 ከቅኝት ሳይመለሱ ቀሩ። ከሦስቱ አንዱ ዮርገን ብሮንሉንድ የተባለ ግሪንላንዳዊ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት አስከሬኑና ማስታወሻ ደብተሩ ተገኝተዋል። ለመሞታቸው አንዱ ምክንያት የተሳሳተ ካርታ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ፒሪ ሰሜናዊውን ጫፍ ከግሪንላንድ የሚለይ የባሕር ወሽመጥ አለ ብሎ በካርታ ላይ አስፍሮ ነበር። በ1912 ፍሮይከንና ጓደኛው ክኑድ ራስሙሰን፣ ኡቭድሎሪያክና ኢኑኪትሶክ ከተባሉ ሁለት ኢኑይቶች (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ ተወላጆች) ጋር፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ግግር በረዶ በውሻ ጋሪ አቋርጠው ወሽመጡ እንደሌለ አረጋገጡ። የሁለቱን ኢኑይቶች ስም ሆን ብዬ የጠቀስሁት ነው፤ እንዲህ ባሉ ታሪኮች ውስጥ መንገዱን የሚያውቁት ሰዎች ስም ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ልጆቹ በድራማው እንዲጠሩት አድርገናል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1910፣ ራስሙሰንና ፍሮይከን በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ቱሌ ብለው የሰየሙትን የንግድ ጣቢያ ከፍተው ነበር። የቀበሮ ቆዳ ይገዛሉ፤ ጠመንጃ፣ ቢላዋና ሌላም ዕቃ ይሸጣሉ፤ ትርፉ ለአሰሳ ጉዞ ወጪ ይሆናል። ፍሮይከን እዚያው ኖረ፣ ቋንቋውን ተማረ፣ በ1911 ናቫራና የተባለች የአካባቢውን ሴት አገባ፣ ወንድና ሴት ልጅም ወለዱ።

አሁን ደግሞ አንዳንዶቻችሁ በተለይ ያነሣችሁትን ጉዳይ ልመልስ። በ1921 ራስሙሰን የመራውና ወደ ካናዳ ሰሜን ያመራው አምስተኛው የቱሌ ጉዞ ሲነሣ ናቫራና ከባሏ ጋር ወጥታ ነበር። ኡፐርናቪክ ከተማ ሲደርሱ በኢንፍሉዌንዛ ታማ ሞተች። ጊዜው እኛ ዘንድ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ልጆቹ ኅዳር ሲታጠን ጭሱን እንጂ ምክንያቱን ስለማያውቁ ይህም በአጋጣሚ የታሪክ ትምህርት ሆኖላቸዋል። ናቫራና አልተጠመቀችም ነበርና የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን በመቃብር ስፍራው እንድትቀበር አልፈቀደም። ባሏ ራሱ ወስዶ ቀበራት።

አንድ አባት ይህ ትዕይንት ሃይማኖትን ይነካል ብለው ሰግተዋል። ስጋታቸውን አከብራለሁ። ጽሑፉን ከድራማ ክበቡ ኃላፊ ጋር ሆኜ ቃል በቃል አንብቤዋለሁ፤ ማንንም የሚሳደብ ወይም የሚሰብክ ቃል የለበትም። ካህኑን የሚሠራው ልጅ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም በትሕትና ነው የሚናገረው። እኔ ግን ትዕይንቱ እንዲወጣ አልፈልግም። ይህ ከወጣ ሰውዬው ጀብዱ እንጂ ኀዘን የማያውቅ ሰው ሆኖ ይቀርባል፣ እሷም ባሏን ተከትላ መንገድ ላይ የጠፋች ስም ብቻ ትሆናለች።

ያቺ አወዛጋቢ ታሪክም የዚሁ ጉዞ ናት። በ1923 ፍሮይከን በካናዳ ሰሜን በውሽንፍር ተይዞ በረዶ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ተጠለለ። በረዶው በላዩ ላይ ተከምሮ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። መውጫ ቢያጣ ዓይነ ምድሩን በመሮ ቅርጽ አበጅቶ፣ እስኪረጋ ጠብቆ፣ በእሱ ፈልፍሎ ወጣ። ከዚያም በእንብርክኩ እየዳኸ ሰፈሩ ደረሰ። ውርጭ የመታው እግሩ ጋንግሪን (የሥጋ መበስበስ) ስለጀመረው ጣቶቹን ራሱ በጉጠትና በመዶሻ እንዳነሣቸው ይናገራል፤ በኋላም ግራ እግሩ ተቆርጦ በእንጨት እግር መሄድ ጀመረ።

እግሩን ማጣቱ ሁሉም ያየው፣ በፎቶግራፍም የተመዘገበ እውነት ነው። በጉድጓዱ ውስጥ የሆነውን ግን ከእሱ በቀር ያየ የለም፤ ፍሮይከን ደግሞ ወግ ማሳመር የሚችል፣ ይህንንም የሚወድ ሰው ነበር። ስለዚህ ለክበቡ አንድ ግዴታ ጥያለሁ፤ እሱ ብቻውን የተረከው ነገር ሁሉ በመድረኩ ላይ «እንደ ራሱ አባባል» ተብሎ ይነገራል። ልጆቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ታሪኩን ያቀዘቅዘዋል ብለው። ተራኪዋ ግን ቃሉን በየቦታው ስትጥለው ተመልካቹን ፈገግ የምታሰኝበትን መላ አግኝታለች። የእግር ጣቶቹ ጉዳይ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ብቻ ነው።

ወደ ተዋናይነቱ ልምጣ፤ እኔን የማረከኝ ክፍል ይህ ነው። ፍሮይከን መጻሕፍት መጻፍ ጀመረና ሆሊዉድ ፈለገው። ሜትሮ-ጎልድዊን-ሜየር የተባለው የፊልም ኩባንያ በመጻሕፍቱ ላይ ተመሥርቶ «ኤስኪሞ» የተባለውን ፊልም በአላስካ ቴለር በተባለች መንደር አካባቢ ቀርጾ በ1933 አወጣ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሠራው የአላስካ ተወላጁ ሬይ ማላ ነው፤ የአገሬው ሰዎች በፊልሙ ውስጥ የሚነጋገሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው፣ ትርጉሙ በጽሑፍ ይወጣል። ፊልሙ የኦስካር ሽልማት ለፊልም ቅንብር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የወሰደውም ነው። ፍሮይከንስ ማንን ሆኖ ሠራ? ለቀበሮ ቆዳ ብሎ መጥቶ አዳኙን የሚያታልለውን፣ ሚስቱንም የሚደፍረውን ጨካኝ ነጭ የመርከብ አዛዥ። ከኢኑይት ጋር በትዳር የኖረው፣ ሚስቱን በእጁ የቀበረው ሰው፣ በእንጨት እግሩ ካሜራ ፊት ቆሞ የነጋዴዎቹን ክፋት በራሱ ፊትና ድምፅ አሳየ። ገጸ ባሕርዩን መልካም አሳሽ አድርጎ ለራሱ ማስጻፍ ባላቃተው ነበር።

ልጆቹ ይህንን ሲለማመዱ አንዲት ተማሪ «እሱስ ቢሆን የቀበሮ ቆዳ ነጋዴ አልነበረም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። መምህሩ አልመለሱላትም፤ ጥያቄው እንዳለ በድራማው እንዲገባ አደረጉ። አዛዡን የሚሠራው ልጅ ኮፍያውን አውልቆ ፍሮይከን ሲሆን ይኸው ጥያቄ ከተመልካች መካከል ይነሣበታል። ምን ብሎ እንደሚመልስ ልጆቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ሁለት ዓይነት መልስ ተጽፎ እየተከራከሩበት ነው። ጭካኔው በመድረክ ላይ በንግግር ይጠቆማል እንጂ አይታይም።

የቀረውን ዕድሜውን ድራማው በፍጥነት ያልፈዋል፣ እኔም እንዲሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎችን ከሚቃወሙት ዴንማርካውያን ጋር ሠርቶ ተይዞ ነበር፤ አምልጦ ወደ ስዊድን ተሻገረ። ኋላ ኒውዮርክ ኖረ። በ1956 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ስለ ባሕሮች ተጠይቆ 64,000 ዶላር አሸነፈ። በ1957 አላስካ ውስጥ ሞተ፤ አመዱም ቱሌ አጠገብ ባለው ተራራ ላይ ተበተነ። ከናቫራና የወለዳት ልጁ ፒፓሉክም ደራሲ ሆናለች።

«ልጄ መሐንዲስ እንዲሆን እንጂ ተዋናይ እንዲሆን አልላክሁትም» ላሉኝ እናት ደግሞ፣ ልጃቸው በዚህ ድራማ ምክንያት የአርክቲክን ካርታ በእጁ ስሎ፣ የኬክሮስ መስመሮቹን ለክቶ፣ ጀርባው ላይም የጉዞውን ርቀት አስልቶ ማምጣቱን ልነግራቸው እወዳለሁ። ካርታው አሁን የክፍሉ ግድግዳ ላይ አለ፤ መጥተው ይዩት።

ስለ አልባሳት፡- እባካችሁ የፀጉር ካፖርት ለመግዛት ወይም ለማሰፋት አትውጡ። አሮጌ ጋቢ፣ ነጭ አንሶላና በርኖስ ካላችሁ ለሁለት ሳምንት አውሱን፤ ስም ጽፋችሁባቸው ላኩ። የእንጨት እግሩ ከመጥረጊያ እጀታና ከአሮጌ ቀበቶ ተሠርቷል። ልጁ ጉልበቱን አጥፎ ስለሚያስረው ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳይቆይበት ነርሷ አዝዛለች፤ ትዕይንቶቹም በዚያው ልክ ተከፋፍለዋል።

ልጃችሁ በናቫራና ቀብር ወይም በመርከቡ ትዕይንት እንዳይሳተፍ የምትፈልጉ ወላጆች ለክፍል ኃላፊው መምህር በጽሑፍ አሳውቁ፤ ምክንያት አትጠየቁም፣ ለልጁም ሌላ ሥራ አለ። መብራት የሚይዝ፣ ካርቶን የሚገፋም ያስፈልገናል። ትርኢቱ በዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይቀርባል፤ መግቢያ በነጻ ነው። ከአራተኛ ክፍል በታች ያሉ ታናናሾችን ባታመጡ እመርጣለሁ፤ ካመጣችሁም ከፊት አታስቀምጧቸው፣ ውሽንፍሩን በቆርቆሮ ስለሚያሰሙት ድምፁ ኃይለኛ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ እስከ ፊታችን ዓርብ በልጃችሁ እጅ እንድትልኩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር