የእንግሊዝኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የአጎብዳጆች መዝገበ ቃላት

ዘንድሮ ክበባችን ሁሉን ከመነካካት በአንድ ርዕስ ላይ ጠለቅ እንበል አለ። አባላቱ የመረጡት የማጎብደድ ቃላትን ነው። "ቲቸር፣ አሽቃባጭ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?" ተብሎ ተጠየቀ። መልሱ አንድ ቃል አልነበረም። የመጀመሪያው ሰሚስተር እዚያው አለቀ።

ብዙ የተሳቀው በ"ቶዲ" ነው። "ጉርጥ በሊታ" ከሚል የእንግሊዝኛ አጠራር የመጣ ነው። ድሮ እንግሊዝ አገር ገበያ ለገበያ የሚዞሩ አጭበርባሪ መድኃኒት ሻጮች ረዳት ነበራቸው። ረዳቱ መርዛም የሚባለውን ጉርጥ ሰው ፊት ይበላል፣ ወይም የበላ ያስመስላል። ጌታው ወዲያው "ያድነዋል"። ለጌታው ብሎ ጉርጥ የሚውጠው ሰው ስም በኋላ ለአጎብዳጅ ሁሉ ተሰጠ።

"ካውታው" የመጣው ከቻይና ነው። ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ማስነካት ማለት ነው። በ1793 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሎርድ ማካርትኒ በቻይናው ንጉሠ ነገሥት ፊት ይህን ስግደት አልፈጽምም ብሎ ነበር። እዚያ የቤተ መንግሥት ደንብ የነበረው ነገር በእንግሊዝኛ መናቂያ ሆኖ ቀረ። "ኦብሲክዊየስ"ም ድሮ ታዛዥ ለማለት በደህና ጎኑ ይነገር ነበር፤ ዛሬ ግን ከልክ በላይ አጎብዳጅ ማለት ስለሆነ ማንም እንዲባል አይፈልግም። "ሲኮፋንት" ደግሞ በጥንቷ አቴንስ ለጥቅሙ ሰው የሚከስ ነበር። አሁን አሽቃባጭ ማለት ነው። ሁለቱ ሥራዎች አብረው እንደሚሄዱ ለልጆቹ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ክፍላቸው ውስጥ አይተውታል።

ቃላቱ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በሚኒ ሚዲያ ሲነገሩ ግን ጣጣ መጣ። ደብተር ሰብስቦ ወደ መምህራን ክፍል የሚያመጣው ልጅ ሁሉ "ቶዲ" ተባለ። አንዱ የክፍል አለቃ ኃላፊነቱን ሊለቅ ደርሶ ነበር። ስለዚህ አንድ ሙሉ ስብሰባ ለዚሁ ዋለ። ታላቅ ሲመጣ መነሳት አስተዳደግ ነው ወይስ ማሸርገድ? አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ "ሰውየው ከሥልጣኑ ሲሻርም ትነሳለታለህ?" ብላ ጠየቀች። ከመዝገበ ቃላት ፍቺ ሁሉ ይህ ይሻላል፤ እኔም ፈተና ላይ ባወጣው ደስ ይለኛል።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር ስለ ጅማው ንጉሥ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበር። ጅሬን ያለውን ቤተ መንግሥት ጅማ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ጎረቤት ከፋ ግን በ1897 እ.ኤ.አ. በጦርነት ተያዘች። አንደኛው ቡድን ይህ የአባ ጅፋር መገበር "ሰርቫይል"፣ ማለትም እንደ ባሪያ ማጎብደድ፣ ነው አለ። ሌላኛው ደግሞ ጅማ እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በራሷ ሰው የተዳደረችው በዚሁ ብልሃት ነው አለ። ክርክሩ በእንግሊዝኛ ተጀምሮ ሲጦፍ ወደ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ገባ። እኔም አላስቆምኩም። "ሰብሚት" (መገበር) እና "ግሮቭል" (መሬት ላይ ወድቆ መለማመጥ) አንድ አለመሆናቸውን የዚያን ቀን ያህል ያስረዳሁበት ክፍለ ጊዜ የለኝም።

በሁለተኛው ሰሚስተር የፊደል አጻጻፍ ውድድር አደረግን። በወላጆች በዓል ደግሞ አንድ አለቃና አምስት እሺ ባዮች ያሉበት አጭር ድራማ አቀረብን። የአለቃው ሚና ቶሎ ሰው አገኘ። እሺ ባይ ለመሆን ግን ማንም እጁን አላወጣምና በዕጣ ደለደልናቸው።