ካርዱን ራሱ ይምረጥ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ የላከችው በርበሬ ደርሶህ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች፤ መልሱን ለራሷ ደውለህ ንገራት።

ሲያትል መጥቼ ከጓደኞችህ ጋር ያጫወትከኝን ግሉምሄቨን የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ እንዴት እንዳገኘሁት ስትጠይቀኝ «ጥሩ ነው» ብዬ አልፌህ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው።

እኔ ያደግሁት በዳማና በኮንከር ነው። አንዱ ካልተሸነፈ ሌላው አያሸንፍም፤ ግማሹ ደስታም ተሸናፊውን መተረብ ነው። እዚህ ግን አራታችንም በአንድ ወገን ነን። የምንዋጋቸውን ጭራቆች የሚያንቀሳቅስ ሰው የለም፤ የራሳቸው ካርድ ተገልጦ ያዛቸዋል። ወይ ሁላችንም እናሸንፋለን፣ ወይ ሁላችንም እንሸነፋለን። ይህን በ2017 (በፈረንጆች) ያወጣው አይዛክ ቻይልድረስ በፊዚክስ ዶክትሬት ያለው ሰው ነው ስትለኝ «እናቱ ምን አለች?» ማለቴ ትዝ ይልሃል። ቀልዴን አልነበረም።

ከሁሉ የወደድኩት ድካሙን ነው። በየዙሩ ሁለት ካርድ መርጠህ የአንዱን የላይኛውን፣ የሌላውን የታችኛውን ክፍል ትሠራለህ። ካርድ ሲያልቅብህ ታርፋለህ፤ ባረፍክ ቁጥር ግን አንድ ካርድ ለዚያ ተልዕኮ ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ጀግናው በሰይፍ ባይሞት እንኳ ካርዱ አልቆ ይወድቃል። ለእኔ የሰጣችሁኝ ጀግና፣ ቲንከረር፣ 12 ካርድ ስላለው ተንፈስ እያልኩ ተጫወትኩ። ያ ዝምተኛው ጓደኛህ የያዘው ጀግና፣ ስፔልዊቨር፣ ግን ያለው 8 ብቻ ነው። አንድ ካርድ ቢያባክን ይታወቅበታል።

የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው። አፅም የሆኑት ጭራቆች በሩን ዘግተው የቆሙ ጊዜ ልጁ ሁለት ካርድ ይዞ ያመነታ ነበር። አንዱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው፣ ወደ አንተ አየት አደረገ። አንተ እጅህን ሰደድክና ከመዳፉ ሌላ ካርድ መዘህ «ይህን» አልከው። እሺ ብሎ ጣለው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ካርድ አልመረጠም፤ ተራው ሲደርስ አንተን ነበር የሚያየው።

ምክርህ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ክርክሬ እሱ ላይ አይደለም። እኔ የምለው፣ ጨዋታውን የሠራው ሰውዬ ይህ እንዳይሆን ብሎ አይደል እንዴ ሕግ ያወጣው? ካርድህን አታሳይም፣ ማን እንደሚቀድም የሚወስነውን ቁጥሩንም አትናገርም፤ «እኔ ቀደም እላለሁ»፣ «እኔ ዘግየት ብዬ እመጣለሁ» ማለት ነው የተፈቀደው። ቤት ያለው ሌላው በአንድ ወገን የሚጫወቱት ጨዋታ፣ የ2008ቱ ፓንደሚክ፣ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ስለሚታይ አንድ ጎበዝ ለሁሉም ያስባል፤ እህትህ እኔንና እናትህን እንደ ጠጠር ስታንቀሳቅሰን አይተሃል። ግሉምሄቨን ያንን በር ዘግቶት ነበር፤ አንተ በመስኮት ገባህ። ልጁ ተሳስቶ ቢያስሸንፈን ምን ነበረበት? ተልዕኮው እንደገና ይጀመራል። እንዲያውም ከአፅሞቹ ይልቅ የእሱን ስህተት እያነሳን በሳቅን ነበር።

ጸጉሯን ቀይ ያቀለመችው ልጅ ግን አስቃኛለች። እኛ ስንደበደብ እሷ ሹልክ ብላ ሳጥን ልትከፍት ሄደች። ለካ እያንዳንዳችን በምስጢር የያዝነው የግል ግብ አለ! ሳንቲሙም ቢሆን የረገጠው ሰው ነው የሚወስደው፣ ማካፈል ክልክል ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ ቁስላችሁን ሳክም ውዬ ኪሴ ባዶውን ቀረ። ይህን ሕግ አልወደድኩትም። ሐበሻ ቢሠራው ኖሮ እነዚያ ጀግኖች ሁለተኛው ዋሻ ሳይደርሱ ዕቁብ ይጥሉ ነበር።

ደግሞ ያ ጡረታ የምትሉት ነገር። ጀግናው የሕይወት ግቡን ሲጨርስ ይሰናበትና፣ አንተ የታሸገ ሳጥን ከፍተህ አዲስ ሰው ትጀምራለህ። እኔም ጡረታዬ እየተቃረበ ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ከእናንተ አንዱ ሥራ አግኝቶ ከከተማው ሊወጣ ነው ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ እየተገናኘን እንጨርሰው ተባብለናል ያልከኝን አስቤበታለሁ። 95 ተልዕኮ ነው። አንዱ ራሱ ምሽቱን ሙሉ ይፈጃል፣ ፈተናህም ደርሷል። አይሆንም። ቅዳሜያችሁን ብቻ ያዙ፤ ሥራ ያገኘው ሲሄድም ሌላ ሰው በቦታው ይቀመጣል፣ ሲመለስ ደግሞ ይገባል። ጨዋታው ይህን ይፈቅዳል ብለህ እኔን ያስገባኸኝ ራስህ ነህ።

ለታንክስጊቪንግ ስትመጣ ትልቁን ሳጥን እንዳትሸከም፤ ወደ 20 ፓውንድ የሚመዝን ነገር አውሮፕላን ላይ ያስከፍልሃል። በ2020 የወጣችውን ትንሿን፣ ጆውስ ኦፍ ዘ ላየንን፣ ይዘህ ና። 25 ተልዕኮ ብቻ ናት፣ ካርታውም መጽሐፉ ገጽ ላይ ስለሆነ የምትገጣጥመው ነገር የለም። እናትህም እጫወታለሁ ብላለች። ካርዷን ከእጇ ብትመዝ ግን እኔ የለሁበትም።

አባትህ