ወንድሜ በድንገተኛ ሕመም አልሞተም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጳጉሜን 5 በአዌቱ ወንዝ ዳር ስለተከልናቸው ችግኞች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ፎቶው ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ችግኞቹ «በድንገተኛ ሕመም ላረፉ ወጣቶች መታሰቢያ» ናቸው ብላችኋል።

ማን ነገራችሁ? ዘጋቢያችሁ እዚያው ጭቃው ላይ አብሮን ቆሞ ነበር። ዋንዛዋን እየተከልኩ በራሴ አፍ ነገርኩት። ወንድሜ የሞተው ራሱን አጥፍቶ ነው። ቀኑንስ ለምን ጳጉሜን 5 ያደረግነው ይመስላችኋል? ራስን ማጥፋትን የመከላከል የዓለም ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ ይታሰባል። ይህም ከዘገባው ወጥቷል።

ክፋት አስባችሁ አይመስለኝም። ገመናችንን ልትሸፍኑልን ፈልጋችሁ ይሆናል። ያቺን «ድንገተኛ ሕመም» ግን በደንብ አውቃታለሁ። የዛሬ አራት ዓመት ድንኳን ውስጥ ለእድርተኛው ሁሉ የተናገርኳት እኔ ነኝ። «ምን አግኝቶት ነው?» ሲሉኝ «ልቡን ነው» እል ነበር። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማለች። እንደ ሰው እንኳ አላለቀስንም። ውሸታችን እንዳይታወቅ ስንጠነቀቅ አርባው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙ ቤታችን ውስጥ አልተጠራም።

ስሙን የመለሰልን ይህ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። እንደኛ የደረሰበት ቤት አለ ሲባል እንሄዳለን። ሲኒ እናጥባለን፣ ቡና እናፈላለን፣ አብረን እንቀመጣለን። ምክር አናበዛም። አንድ ቀን አንዲት እናት እጄን ይዘው «አንቺም ደርሶብሻል?» አሉኝ። «አዎ፣ ወንድሜ» አልኳቸው። እውነቱ ከአፌ የወጣው ያን ቀን ነው። ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «እንግዲህ ስሙን እንጥራው» አለች።

ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም ጋዜጠኞች አሟሟቱን እንዳይዘረዝሩ፣ በአንድ ምክንያት ብቻ እንዳይደመድሙ ይመክራል። ልክ ነው። እኛም ዘርዝሩት አላልንም። የሌለ በሽታ ፍጠሩለት ያለ ግን ማንም የለም! በዓለም በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰው በዚህ ይሞታል። ሁሉም በሌላ ስም ከተጻፈ፣ ዛሬ ልጇ ያስጨነቃት እናት ማንን ትጠይቅ?

አንድ መስመር እርማት አውጡልን። ዘገባውን እንዳነብላት የጠየቀችኝ እናቴ ነበረች። «ሕመም» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። እርማቱንም ጮክ ብዬ ላነብላት እፈልጋለሁ።

እህቱ፣ ከጅማ