ጣት ያረፈበት መነጽር፦ የሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዓመቱን 23 ሆነን ጀመርን፤ ፈተና ሲቃረብ 11 ቀረን። የክበብ ነገር እንዲህ ነው። ሥራችን አንድ ነበር፦ እያንዳንዱ አባል ስለሚወደው ወይም ስላጣው ሰው እውነተኛ ታሪክ ይጽፋል።

የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች ቤት ወስጄ አነበብኩ። እንባ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ ልብ ይሰበራል፣ ዓለም ይጨልማል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ግን የአንዱን አያት ከሌላዋ አያት መለየት አልቻልኩም። ጎርፉ ሁሉንም ጠራርጎ ወስዷቸዋል።

በሳምንቱ ሕግ አወጣሁ፦ «ፍቅር»፣ «ሐዘን»፣ «ናፍቆት» ተከለከሉ። ጉርምርምታው ለጉድ ነበር። አንዷ «‹ሆዴ ባባ›ስ ሊከለከል ነው ቲቸር? እሱ እኮ ምስል ከሳች ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሆድ ሲባባ መጀመሪያ ያየ ሰው ገጣሚ ነበር። ዛሬ ግን ከአፍ አፍ ሲዞር ምስሉ ደብዝዞ ስሜቱ ብቻ ቀርቷል። ክርክሩ ሳያልቅ ደወል ተደወለ።

ቀጥሎ ስንገናኝ አንድ ነገር ነገርኳቸው። የአሜሪካዊቷ ጸሐፊ የጆአን ዲዲየን ባል እ.ኤ.አ. በ2003 ሞተ። ልብሱን ለሰው ልትሰጥ ስትለይ ጫማዎቹ ላይ ስትደርስ አቃታት። ከተመለሰ ጫማ ያስፈልገዋላ! ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ ሐዘን ትንፍሽ አላልኩም፤ ያወራሁት ስለ ጫማ ነው።

ከዚያ በኋላ ዕቃዎች መምጣት ጀመሩ። አንዱ የሟች አባቱን ስልክ ቁጥር እስካሁን አላጠፋም፤ ቀፎ በቀየረ ቁጥር መጀመሪያ የሚመዘግበው እሱን ነው። ሌላዋ የጻፈችው አገር ስለለቀቀች ጓደኛዋ ነው። ዴስካቸው ላይ በእስክሪብቶ ያሰመሩት ድንበር አለ። አሁን ከወዲያ በኩል ማንም ክርኑን አያሳልፍም።

እኔን የያዘኝ ግን የመነጽሩ ታሪክ ነው። ጸሐፊዋ ዝምተኛ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። በመጀመሪያው ረቂቅ መነጽሩ «የአያቴ ትዝታ» ብቻ ነበር። «ምን ይታይሻል?» አልኳት። በሁለተኛው፣ የተሰበረ እግሩ የታሰረበት ክር መጣ። በሦስተኛው፣ የቀኙ መስታወት ላይ የቀረ የአውራ ጣት አሻራ። እናቷ አቧራ ስትወለውል ሁሉንም ታዳርሳለች፤ መነጽሩን ትዘለዋለች። ስለ እናትየው ሌላ አልተጻፈም። አያስፈልግማ።

ጥፋቴንም ልናገር። ለዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ልጅቷን ሳላማክር ስሟን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባሁ። መድረክ ወጣች፤ ክሩ ጋ ስትደርስ ድምጿ ጠፋ። ወረቀቱን አጥፋ ወረደች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃት ስሄድ እሷ ቀደመችኝ። «መጨረሻው ላይ ‹ናፍቀኸኛል› የሚል ልጨምር ነው» አለች። ሕጉን አስታወስኳት።

«ይቺ ለአንባቢ አይደለችም ቲቸር። ለእሱ ናት።»

ጽሑፉ ቀጣዩ ገጽ ላይ ነው። የተከለከለችው ቃል መጨረሻው መስመር ላይ አለች። የጸሐፊዋን ስም ግን እሷው አይውጣ ስላለች አላወጣነውም።