ዜንዳን ይዞ ዋና ከተማን ማጣት፦ የጠረጴዛ ውጊያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ የትምህርት ቤት ክበባችን በትንንሽ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ ያካሄደው ትልቁ ጦርነት በየትኛውም አትላስ ላይ በሌለች አገር ነው። አገሪቱ ሩሪታንያ ትባላለች። እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ሆፕ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው «የዜንዳው እስረኛ» በተሰኘ ልብ ወለድ የፈጠራት መንግሥት ናት። ከጀርመኗ ድሬስደን በባቡር ይደረስባታል። ንጉሥ አላት፣ መሳፍንት አሏት፣ ጫካና አሮጌ ግንብ አላት።

ለምን እውነተኛ ጦርነት አንጫወትም ብለው የጠየቁን ብዙ ናቸው። መጀመሪያ አስበነው ነበር። ዓድዋን ጠረጴዛ ላይ እናምጣ ተባለ። ግን የጣሊያንን ጦር የሚመራ ልጅ ጠፋ! ማንም እጁን አላወጣም፤ እኔም አላስገደድኩም። ከቅርቡ ታሪካችን ደግሞ ምንም ነገር ጠረጴዛችን ላይ አይወጣም። ይህ የክበቡ የመጀመሪያ ደንብ ነው። ከአባሎቻችን መካከል ጦርነትን በዜና ብቻ ያላወቁ ልጆች አሉ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነስተው «በዚህ ዘመን ልጆች በጦርነት ይጫወታሉ ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መልሴ ይህ ነበር፦ ሩሪታንያ የማንም አገር አይደለችም። ዛሬ ንጉሡን የመራ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ተቃዋሚውን ይመራል። የሌላውን ወገን ሐሳብ ከውስጥ ሆኖ ማየት የሚችለው ቁስሉ የራሱ ካልሆነ ነው።

ይህን የጀመርነው እኛ አይደለንም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በአሻንጉሊት ወታደሮች የሚደረግ የውጊያ ጨዋታ ሕግ አሳትሞ ነበር። በእሱ ሕግ እግረኛ በአንድ ተራ አንድ ጫማ ይሄዳል፤ ፈረሰኛ ሁለት ጫማ። እሱ ወለል ላይ ነበር የሚጫወተው። የእኛ ሜዳ ጎን ለጎን የተገጠሙ ሁለት የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛዎች ስለሆኑ በግማሽ ቀነስነው፤ እግረኛ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ፈረሰኛ 30። ከዌልስ በኋላ የመጡ የእንግሊዝ ተጫዋቾችም የራሳቸውን ግዛቶች ፈጥረው፣ ባንዲራና የደንብ ልብስ አውጥተውላቸው ሲያዋጉ ኖረዋል።

ከውጭ የሚመጡት የብረትና የፕላስቲክ ምስሎች ውድ ናቸው። ስለዚህ ወታደሮቻችንን ራሳችን ሠራናቸው። ልጆቹ ወፍራም ወረቀት ላይ ይስላሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ቆርጠው የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቆርኪ ላይ ያጣብቃሉ። ሣሩ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነው። የዜንዳ ግንብ ከጫማ ካርቶን ተሠራ። አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ለግንቡ ተነሺ ድልድይ ክር አስገብቶለት በእውነት እንዲነሳና እንዲወርድ አደረገው። ያን ቀን ጨዋታው ቀርቶ ሁሉም ድልድዩን ሲያወርድና ሲያነሳ ዋለ።

አሁን ወደ ታሪኩ። በልብ ወለዱ ንጉሥ ሩዶልፍ ዘውድ ሊደፋ አንድ ቀን ሲቀረው መድኃኒት የተጨመረበት ወይን ጠጥቶ ይወድቃል። ከዚያም ታፍኖ ዜንዳ ግንብ ውስጥ ይታሰራል። ከነገሩ ጀርባ ያለው መስፍኑ ሚካኤል ነው። በአባት ወንድሙ ነው፤ እናቱ ከንጉሣውያን ዘር ስላልሆነች ግን ዙፋን አይወርስም። የንጉሡ ታማኞች ቁርጥ ንጉሡን የሚመስል አንድ እንግሊዛዊ ዘመድ አግኝተው በቦታው ያነግሡታል። ሁለቱም ወገን ምስጢሩን ማውጣት አይችልም። ሚካኤል «ይህ ሐሰተኛ ነው» ቢል «እውነተኛው የት አለ?» ይባላላ!

ለዚህ ነው በመጽሐፉ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት የማይነሳው። የእኛ ጨዋታ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፦ ምስጢሩ በዘውዱ በዓል ማታ ቢወጣስ?

ለዝግጅት ምዕራፎቹን በክፍል ውስጥ ጮክ ብለን አነበብን። እያንዳንዱ ልጅ ለአዛዥ የሚጠቅም ነገር ሲያገኝ ያሰምራል። ዜንዳ ከዋና ከተማዋ ከስትሬልሳው 50 ማይል፣ ከድንበሩ ደግሞ 10 ማይል ያህል እንደምትርቅ መጽሐፉ ይናገራል። ወደ 80 እና 16 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ለእግረኛ ጦር በቀን 25 ኪሎ ሜትር ስለሰጠን፣ ንጉሡን ለማስፈታት የሚሄድ ጦር ዜንዳ የሚገባው በአራተኛው ቀን ነው። ለሚካኤል የሚመጣ የውጭ እርዳታ ግን በአንድ ቀን ይደርሳል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ዝም አለ፤ ወዲያው ክርክሩ ጦፈ።

የንጉሡን ጦር የመራችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግንቡን አልከበበችም። ፈረሰኞቿን በሙሉ ወደ ድንበሩ መንገድ ላከች። እርዳታው ከተዘጋ ግንቡ በራሱ ጊዜ ይወድቃል ብላ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ዜንዳም ወደቀች።

ተጋጣሚዋ የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን ሌላ ገጽ አንብቧል። ስትሬልሳው ሁለት ናት። አዲሱ ከተማ ለንጉሡ ያደላል፤ ድሆች የሚኖሩበት አሮጌው ከተማ የሚካኤል ደጋፊ ነው። እዚህ ላይ ከአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ ከሰንጠረዥ፣ የወሰድነው ሕግ ሠራለት። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ያለውን ወረራ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። እኛም የመጀመሪያው ግጥሚያ እስኪፈጠር ድረስ እንዲሁ አደረግን። ሁሉም ዓይን ዜንዳ ላይ ሲሆን ልጁ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ወደ አሮጌው ከተማ አስገባ። የንጉሡ ጦር አዛዥ ግንቡን ይዛ ቀና ስትል ዋና ከተማዋ በእጇ የለችም።

ማን አሸነፈ? እስካሁን አልተስማሙም። እኔ ፍርድ አልሰጠሁም፤ የሁለቱንም ክርክር ግን ለክበቡ መዝገብ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ አድርጌያለሁ። ሁለቱም ጽሑፎች ከገጽ ቁጥር ጋር ከመጽሐፉ ማስረጃ ይጠቅሳሉ። በታሪክ ፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ ደስታዬ ወደር የለውም።

ስለ መዝገቡ አንድ ነገር ልጨምር። የወደቀ ወታደር ከጠረጴዛ አይነሳም፤ ቆርኪው ተገልብጦ በወደቀበት ይቆያል። ጨዋታው ሲያልቅ አዛዦቹ የተገለበጡትን ለቅመው፣ እያንዳንዱ ከየትኛው መንደር እንደመጣ ይጽፋሉ። በቀጣዩ ዙር ያ መንደር አዝመራው ይቀንሳል። ይህን ሐሳብ ያመጣችው የክበቡ ጸሐፊ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደንቡ ከወጣ ወዲህ ልጆቹ ወታደሮቻቸውን እንደ ድሮው ዝም ብለው አይማግዱም።

በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ሲልዳቪያ ተሻገርን። ቤልጅጋዊው ሠዓሊ ኤርዤ እ.ኤ.አ. በ1938 እና 1939 በተከታታይ ባወጣው የቲንቲን የሥዕል ታሪክ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ የባልካን መንግሥት ናት። ጎረቤቷ ቦርዱሪያ ልትውጣት ታሴራለች። ታሪኩ በወጣበት ዓመት ጀርመን ኦስትሪያን ጠቅልላ ስለነበር ዝምድናው ለታሪክ ተማሪዎች ግልጽ ነው።

በታሪኩ ውስጥ የሲልዳቪያ ሕዝብ 642,000 ነው ይላል። ከዚህ ውስጥ 122,000 ዋና ከተማዋ ክሎው ውስጥ ይኖራል። ይህች አገር ስንት ወታደር መያዝ ትችላለች? ከመቶ አንድ ብለን ተነሳን። 6,420 ሰው ማለት ነው። አንድ ቆርኪ 60 ሰው ከወከለ 107 ቆርኪ። የሒሳብ መምህራችን በበሩ ሲያልፉ ሰምተው ገቡና ልጆቹ የረሱትን የስንቅና የጋሪ ሒሳብ አስጨመሯቸው።

በሲልዳቪያ ሕግ ንጉሡ በትረ መንግሥቱን ከጠፋበት ዙፋኑን ይለቃል። ስለዚህ የመጨረሻው ጨዋታ ግብ በትሩን ከተራራው ወደ ክሎው ማድረስ ብቻ ነበር። ሁለቱም ወገን መንገድ ሲዘጋና ሲያሳስት ዋለ። አንድም ቆርኪ ሳይገለበጥ በትሩ ደረሰ። ከዓመቱ ጨዋታዎች ሁሉ እኔ ይህን አስበልጣለሁ።

ለሚቀጥለው ዓመት አባላቱ የራሳቸውን መንግሥታት እየፈጠሩ ነው። ካርታ ያስረከቡ አሉ። ሕገ መንግሥት የጀመሩም አሉ። ማመልከቻ በመስከረም በቤተ መጻሕፍቱ እንቀበላለን፤ ስዕል አልችልም ብላችሁ እንዳትቀሩ፣ ካርታ አንባቢም ጸሐፊም ያስፈልገናል። ወላጆች ደግሞ በክረምቱ ቆርኪና የጫማ ካርቶን እንዳትጥሉብን አደራ።