እጅ የሚነሳው ውሻዬና ጠቅ የሚለው እስክሪፕቶ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ናችሁ? ጋዜጣችሁን ሁሌ ነው የማነበው፣ ባህር ዳር ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ አካባቢ ትንሽዬ የፎቶ ኮፒና የፅህፈት መሳሪያ ሱቅ ስላለችኝ ደንበኛ እስኪመጣ ማስታወቂያው ሳይቀር ከፊት እስከ ኋላ ነው የምጨርሰው። ዛሬ የፃፍኩት ግን ለማመስገን አይደለም። ባለፈው በመዝናኛ ገፃችሁ ላይ ስለ ውሻ አሰለጣጠን ያወጣችሁት ነገር ውሻው መጀመሪያ ባለቤቱን መፍራት አለበት ይላል፣ ካጠፋ ደግሞ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ አፍንጫውን ምቱት ይላል። የናንተኑ ጋዜጣ መሆኑ ነው እንግዲህ! እኔ ይሄን ስህተት ራሴ ሰርቼ የከፈልኩበት ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አቃተኝ፣ ቢረዝምባችሁም ታገሱኝ።

ውሻዬ ቆሮሶ ይባላል። ያገኘሁት ሀይቁ ዳር አሳ የሚራገፍበት ጋ ነው፣ አንድ ወር ከምናምን ቢሆነው ነው ያኔ፣ ከራሱ ጭንቅላት የሚበልጥ የቆሮሶ አሳ ጭንቅላት በጥርሱ ይዞ እንዲደርቅ ከቆመ የደንገል ታንኳ ስር ሊጎትተው ሲታገል፣ ይጎትታል ይወድቃል፣ ይጎትታል ይወድቃል፣ በቃ ሆዴ ባባና ይዤው መጣሁ። ዘር ምናምን የለውም፣ የሀበሻ ውሻ ነው፣ ቡላ፣ አንዱ ጆሮው የቆመ አንዱ የተኛ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሳስባቸው አፍራለሁ። ቤት ውስጥ ሲሸና በነጠላ ጫማ ነበር የምለው፣ አንገቱን ይዤ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እየደፈቅኩ "ምንድን ነው ይሄ?" እለዋለሁ፣ እንደሚመልስልኝ ነገር። መሽናቱን አላቆመም፣ ያቆመው እኔ ፊት መሽናቱን ነው። አልጋ ስር፣ ቁምሳጥን ጀርባ፣ አንዴ እንደውም የሱቁን አንድ እሽግ ኤፎር ወረቀት አበላሸብኝ። ውጪ ሳወጣው ደግሞ እያየሁት ፈፅሞ አይሸናም፣ ጠብቄ ጠብቄ ስመልሰው እዛው በሩ ጋ ይለቀዋል። ከኔ ዱላ የተማረው ውጪ መሽናትን ሳይሆን ይቺ ሴትዮ እያየች መሽናት አደጋ እንደሆነ ነው፣ እሱ እኮ በራሱ ሂሳብ ልክ ነው። ስጠራው ሆዱን መሬት እያስነካ ጅራቱን ሸጉጦ ይመጣል፣ ቤተክርስቲያን እንደገባች ውሻ ይባል የለ፣ ልክ እንደዛ፣ በገዛ ቤቱ።

ጎረቤታችን ያሉ አንድ ጋሼ በአጥር ያዩኝና "አንቺ ልጅ፣ ቀበጥሽ እኮ፣ ሚጥሚጣ በስጋ አርገሽ አብዪውና በሰንሰለት እሰሪው፣ ያኔ ነው ውሻ የሚሆንልሽ" ይሉኛል። የሳቸው ውሻ በሰንሰለት ነው ቀኑን ሙሉ፣ የገዛ የልጅ ልጆቻቸው እንኳን አጠገቡ አያልፉም።

ከዛ አንድ ቀን ተማሪ ለፎቶ ኮፒ ያመጣችው ሃንድአውት ላይ ድሮ ፔዳ ስማር ለፈተና የሸመደድኩት የስኪነር ነገር አይኔ ውስጥ ገባ። ሰውዬው አሜሪካዊ የስነ ልቦና ሊቅ ነው፣ በፈረንጅ 1938 ነው ሀሳቡን በመፅሐፍ ያወጣው፣ ሲጠቃለል እንስሳ አንድ ነገር አድርጎ ወዲያው የሚወደው ነገር ከተከተለለት ያንን ነገር ይደግማል ነው የሚለው። ተማሪዎቹ የነበሩ ብሬላንድ የሚባሉ ባልና ሚስት ደግሞ በ1940ዎቹ ይሄንኑ ይዘው እንስሳ ማሰልጠን የሚሰራ ድርጅት ከፈቱ፣ ዶሮ ሳይቀር አሰልጥነዋል። የዶልፊን አሰልጣኞችም እንደዚሁ በፊሽካና በአሳ ነው የሚሰሩት፣ አስቡት፣ ዶልፊንን በአርጩሜ ብትሞክረው ዝም ብሎ ዋኝቶ ይሄድብሃል፣ ማባበል ግድ ነው። እኔ እሱን ኮርስ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ግን ነጠላ ጫማ ነው ያነሳሁት!

ጀመርኩ። መጀመሪያ ያረኩት "ጎበዝ" እያልኩ ዳቦ መስጠት ነበር፣ አልሰራም፣ ለምን መሰላችሁ፣ እኛ ሰፈር "ጎበዝ" ማለት እኮ ሰው መጥራት ነው። "ጎበዝ! ይቺን ባጃጅ ግፏት እስኪ" ሲባል ቆሮሶ ዳቦ ሊቀበል ይሮጣል። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች "ጎበዝ!" ሲባባሉ ሜዳ መሀል ይገባል። ስለዚህ ሌላ ማንም የማያወጣው ድምፅ አስፈለገኝ፣ ሱቄ ውስጥ ደግሞ ጠቅ የሚለው እስክሪፕቶ ሞልቷል። ጠቅ፣ ቁራሽ። ጠቅ፣ ቁራሽ። ምንም ሳላዘው ሀያ ጊዜ ያህል እንዲሁ ሰጠሁት፣ በሁለተኛው ቀን ጠቅ ስል ጆሮው፣ ያ የተኛው ሳይቀር፣ ቀጥ አለ።

የጠቅታው ጥቅም ሰዓቱን መያዙ ነው። ውሻ ትክክለኛውን ነገር ባደረገበት ቅፅበት፣ ቢዘገይ አንድ ሴኮንድ፣ ማወቅ አለበት። ቁጭ ሲል አይቼ፣ ኪሴን ዳብሼ፣ ዳቦውን ፈልፍዬ እስክሰጠው እሱ ተነስቶ እያዛጋ ነው፣ ስለዚህ የሸለምኩት ማዛጋትን ነው ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፣ እዚህ ላይ ግን የዘገየው ውሻው አልነበረም። ቁጭ ማለትን በሶስት ቀን ለመደ፣ ቂጡን ሳልጫነው፣ ቁራሿን አፍንጫው ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ወደ ላይና ወደ ኋላ ወደ ጭንቅላቱ ሳሳልፋት አይኑ እሷን ሲከተል ቂጡ ራሱ መሬት ይነካል፣ ጠቅ። በቃ። ቁራሿን ከፍ ካደረግኳት ይዘላል፣ ዝቅ ካደረግኳት ያንፏቅቃል፣ የቁመቷ ነገር ነው ያታገለኝ።

ቁራሹ ምንድን ነው ለምትሉ፣ ይሄ የኛ አገር ጣጣ ነው። ፈረንጆቹ ቪዲዮ ላይ አይብና ቋሊማ ሲሰጡ ታያላችሁ፣ እኛ ቤት ግን ረቡዕና አርብ አለ፣ አብይ ፆም ሲመጣ ደግሞ ሀምሳ አምስት ቀን ሙሉ ስጋ የሚባል ነገር ቤት አይገባም፣ ለውሻ ብዬ ልግዛ ብል እናቴ ከነውሻው ነው የምታስወጣኝ። በወጥ የራሰ እንጀራ ልስጠው ብዬ ነበር፣ አንድ የእንስሳት ሀኪም ተይ አለኝ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ህዋስ ይጎዳል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው። ቸኮሌትና ዘቢብም እንደዛው፣ መርዝ ነው ለነሱ። ስለዚህ በፆም የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ ምንም ያልነካው ድርቆሽ፣ እና አሳ። አሳ ፆም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወውና፣ ቆሮሶ ግን ምእመን ስላልሆነ ቀቅዬ እሾሁን አንድ በአንድ ነቅዬ በሽምብራ ፍሬ ልክ እቆርጥለታለሁ። ከዛ አይበልጥም፣ ትልቅ ጉርሻ ከሰጣችሁት አኝኮ እስኪጨርስ ምን ሰርቶ እንዳገኘው ይረሳዋል፣ ደግሞም ይጠግባል። ትምህርቱ ራሱ አምስት ደቂቃ ነው፣ ደንበኛ እስኪመጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ እጅ መንሳቱ ልምጣ፣ የምወደው እሱን ነው። ይሄን አላስተማርኩትም ብል ይቀላል፣ የሰረቅኩት ነው። ውሻ ጠዋት ሲነሳ አይታችሁታል፣ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ደረቱን መሬት አስነክቶ ቂጡን ወደ ላይ አርጎ ይንጠራራል፣ ልክ ሊቀጳጳስ ፊት የቀረበ ይመስላል። አንድ ጠዋት የሱቁን በር ስከፍት ተንጠራራ፣ እስክሪፕቶው እጄ ላይ ስለነበር ጠቅ አረኩት። ግራ ገባው፣ ምን አደረግኩ? የሚል ፊት አለው እኮ ውሻ። በማግስቱም ጠቅ። ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ጠዋት ላይ ከተነሳ ቆይቶ፣ ምንም እንቅልፍ ሳይኖርበት፣ መጣና ፊቴ ቆሞ እያየኝ ቀስ ብሎ ደረቱን አወረደ። አይኑ ኪሴ ላይ ነው። እኔ እንጃ፣ እንባዬ መጣ፣ ያ ስጠራው የሚሳበው ውሻ ነው እኮ አሁን በራሱ አስቦ "ይሄ ነው የምትፈልጊው?" የሚለኝ። ከዛ በኋላ ሊያደርገው ሲል ቀድሜ "እጅ ንሳ" ማለት ጀመርኩ፣ ቃሉን ከተግባሩ ጋር አገናኘው። ሲለምደው ቁራሹን ሁሌ አልሰጠውም፣ አንዴ ሰጥቼ ሁለቴ አልፈዋለሁ፣ የሚገርመው እንደሱ ሲሆን እንደውም ይብስበታል፣ ሎተሪ እንደሚቆርጥ ሰው።

ጋሼ አንድ ቀን ሰነድ ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። ቆሮሶ ያያቸውና ማንም ሳያዘው ደረቱን አወረደ። ሰውዬው ባርኔጣቸውን አወለቁ! ከልማድ ነው፣ እጅ ሲነሷቸው አፀፋ መመለስ ነው የሚያውቁት፣ ከዛ ነቁና ወዲያ ወዲህ አዩ፣ "ለኔ ነው?" አሉኝ። "ለርስዎ ነው" አልኩ፣ በኪሳቸው ያለው ዳቦ እንደሸተተው እያወቅኩ። ቁራሽ ሰጡት። ውሻቸውን ከሰንሰለት ፈቱ እንዳልላችሁ አልፈቱም፣ ግን አሁን ማታ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ግቢ ውስጥ ይለቁታል።

ለውጡን ያየሁት ልጆቹ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውሻ ካዩ ድንጋይ ማንሳት ነበር ስራቸው። አሁን ሱቄ በር ላይ ይሰለፋሉ፣ አንድ ልጅ አንድ ጠቅ፣ አንድ ቁራሽ፣ ሌላ የለም። አንዱ የሶስተኛ ክፍል ልጅ ከኔ የበለጠ ሰዓት ይይዛል፣ በግራው እንዲዞር ያስተማረው እሱ ነው። ድሮ ተነክሳ መንገድ ማዶ ሆና ብቻ የምታይ ልጅም ነበረች፣ ማንም አልገፋፋትም፣ ሶስት ሳምንት ገደማ ቆይታ አንድ ቀን መጣች፣ ቁራሹን በጣት ሳይሆን በተዘረጋ መዳፍ ላይ አድርጊው አልኳት፣ አይኗን ጨፍና ዘረጋች፣ ላሰው፣ "ይኮረኩራል" አለች። ወላጆች እንዳትደነግጡ፣ ቆሮሶ የእብድ ውሻ ክትባቱን በየአመቱ ይወስዳል፣ ወረቀቱ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል። ይሄ በሽታ ሰው ላይ ከሚመጣበት ከ100 ወደ 99ኙ በውሻ በኩል ነው፣ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና ያኑ ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው፣ በመዝናኛ ገፁ ላይ ይሄን ብታወጡት ይሻል ነበር።

አቀበጥሽው ቤት አይጠብቅም ለሚሉኝ፣ ይጠብቃል። ሌሊት ጅብ ሲወርድ ድምፁ ሌላ ነው፣ አጥር ዝም ብሎ የሚነካካ ሰው ሲኖር ደግሞ ሌላ፣ አሁን ለይቼ እሰማዋለሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ነው እኮ ተረቱ፣ በተደበደበበት አላለም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ ያቺን የጋዜጣ ጥቅልል ምክር አርሙልኝ፣ ልጆች እያነበቧት ነው። ሁለተኛው የግሌ ነው። አሁን እያስተማርኩት ያለሁት ነጠላ ጫማዬን እንዲያመጣ ነው፣ ያኔ የምመታበትን ራሱን፣ መጀመሪያ ሲያየው ይሸሽ ስለነበር እሱን መንካት እስኪለምድ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን ያመጣል፣ ግን ግራውን ብቻ። ቀኙን አጠገቡ ባስቀምጥለትም ዞሮት ሄዶ ግራውን ያነሳል። የምመታው በየትኛው እንደነበር አላስታውስም፣ እሱ ሳያስታውስ አይቀርም። ይሄን ያለፈ አንባቢ ካለ በጋዜጣችሁ ይፃፍልኝ።

አንባቢያችሁ
ከባህር ዳር፣ ፔዳ