ባከነ ላልሽው ሦስት ዓመት

ልጄ፣

ትናንት ስልኩን ልትዘጊ ስትይ «ትወና በመማር ያባከንኩት ሦስት ዓመት ያንገበግበኛል» ያልሽው ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። የላክሽልኝን የአጭር ፊልም ጽሑፍም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ሰዎችሽ ግን ወሬ ያበዛሉ።

እኔም የተማርኩት ተዋናይ ልሆን ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ከአንዲት ልጅ ጋር ፊት ለፊት አቆመኝና «ቁልፉን ስጪኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንዳይወጣኝ አዘዘኝ። የእሷ መልስ ደግሞ «የለኝም» ብቻ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ሳቅሁላት። በመጨረሻ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስጠይቃት እጇ ሳታስበው ወደ ኪሷ ሄደ፤ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ቃሉ ያው ነው፣ የተለወጠው የምለምንበት መንገድ ነው። ሩሲያዊው የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪ ተዋናይ «ይህ ሰው ምን ይፈልጋል?» ብሎ እንዲነሣ ያስተማረው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ተዋናይ አልወጣኝም (ካሜራ ሲበራ ትከሻዬ ይደርቅ ነበር)፤ ጥያቄው ግን እስከ መጻፊያ ጠረጴዛዬ ተከተለኝ።

አጭር ፊልም ደግሞ ጊዜ አይሰጥሽም። ለኦስካር «አጭር» የሚባለው የባለሙያዎቹ ስም ዝርዝር ጭምር ተቆጥሮ ከ40 ደቂቃ የማይበልጠው ነው፤ አንድ ገጽ ጽሑፍም በልማድ አንድ ደቂቃ ያህል ይገመታል። ያንቺ 12 ገጽ ነው፤ ሴትየዋ የምትፈልገው የገባኝ 5ኛው ገጽ ላይ ስደርስ ነው። ሪዝ አሕመድ ለንደን ውስጥ ትወና የተማረ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ኦስካር ያገኘው ከዳይሬክተሩ ጋር በጻፈው አጭር ፊልም ነው፣ ርዝመቱም ካንቺ ገጾች ብዙ አይርቅም።

እኔን መጀመሪያ ባሸለመኝ ፊልም ለእናትየዋ 11 መስመር ንግግር ጽፌላት ነበር። በልምምድ ላይ ተዋናይቷ ንግግሩን ተወችና ሳይመጣ ለቀረው ልጇ የተቀመጠውን ብርጭቆ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው 11ዱንም ሰረዝኳቸው። ዳኞቹ ሲሸልሙን ያነሡት ያንን ብርጭቆ ነበር።

አሁን 7ኛው ገጽ ላይ ያለውን ረጅም ንግግር ቆመሽ፣ ጮክ ብለሽ ተጫወቺው። እጅሽ የሚሠራው ነገር ያገኘበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። እሑድ ስትደውዪ ስንት መስመር እንደቀረ ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ